ስለ አገልጋይ እጅ ንጽሕና

ቄሱ በቅዳሴ መካከል እጁን ታጥቦ ወደ ሕዝቡ ዞር በማለት፣ ሳይገባው ወደ ቅዱስ ቍርባን የሚቀርብ ሰው ዕዳው በራሱ ላይ እንደ ሆነ ያስጠነቅቃል፤ ለኩላሊት እጥበት በተኛ ሕመምተኛ ፊት እጇን የምትታጠብ ነርስ ግን እንዲህ ያለውን ቃል ልትናገር አይቻላትም፤ በዚያ ስፍራ የሚቀርበው ሰው በደል የለበትምና ዕዳው በሙሉ የአገልጋይዋ ነው።

የሕመምተኛው ደም አራት ሰዓት ያህል ከሥጋው እየወጣ በመሣሪያው ተጣርቶ ይመለስለታል። በአንገቱ ሥር የገባለት ቱቦ ጫፉ እስከ ልቡ ደጃፍ የሚደርስ ስለ ሆነ፣ በጤነኛ ሰው ቆዳና አፍንጫ ላይ ያለ ጉዳት የምትኖር ስታፊሎኮከስ የተባለች ረቂቅ ተሐዋሲ ከነርሷ ጣት ወደ ቱቦው አፍ ብትተላለፍ፣ የቆዳ ቅጥር ሳያግዳት ከደሙ ትቀላቀላለች፤ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ታስነሣለች፤ አንዳንድ ጊዜም ልብን ታቈስላለች።

እንግዲህ ሰው በዓይኑ ባላየው ጉዳት ይጠየቃልን? በ1847 እ.ኤ.አ. በቪየና ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም፣ ሬሳ መርምረው በዚያው እጃቸው የሚያዋልዱ ባልንጀሮቹ በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ፣ በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው የወላዶች ሞት በሰኔ ወደ 2 ወረደ። ሆኖም ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ ለፈውስ የተዘረጋ እጅ ሞትን ያቀብላል ማለት ለኅሊናቸው እጅግ ከብዶ ነበርና። እኔ ግን ሳያውቁ የፈጸሙትን ኀዘን እንጂ ኵነኔ አይገባውም እላለሁ፤ ከተነገራቸው በኋላ የፈጸሙት ግን ሌላ ነው።

ዛሬ ነገሩን የማያውቅ የሕክምና ሰው የለም፤ ፈተናው በጓንት በኩል መጥቷል። ጓንት ያጠለቀች ነርስ የአንዱ ሕመምተኛ መሣሪያ ሲጮኽ ሄዳ ቍልፉን ትነካለች፤ በዚያው ጓንት ተመልሳ የሌላውን ቱቦ ትይዛለች። የራሷ እጅ ከደም ተጠብቋል፤ ሕመምተኛው ግን አልተጠበቀም። ጓንቱን አውልቆ እጅን በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ቢፈጅ ነው፤ ይህችን ታህል ጊዜ የምትከለክል ጥድፊያ በሰው ነፍስ ላይ የምትፈርድ ጥድፊያ ናት።

ሕመምተኛው «እኅቴ፣ ታጥበሻል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ይፈራል፤ ነገም ተነገ ወዲያም በእጇ ላይ ነውና ያስቀይማት ይመስለዋል። ስለዚህ ከአልጋው አጠገብ፣ እርሱ እያያት፣ ቱቦውን ከመንካቷ በፊት ትታጠብ፤ ይህን ጥያቄ እንዲያነሣ ማስገደድ አይገባም።