ስምና ባለስሙ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ነገሩ እውነት ቢሆን እንኳ የመልአኩ ሥራ ስሙን ማውጣት ብቻ ነው፤ ማስከበሩ የባለስሙ ፋንታ ነው። ታዲያ መልካም ስም ለሰው ሀብት ነውን ወይስ ዕዳ?

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል። ወንዱ ገብረ ማርያም ወይም ወልደ ጊዮርጊስ፣ ሴቲቱ ወለተ ሥላሴ ወይም አመተ ሚካኤል ይባላሉ።

ወጣቶች ሆይ፣ የዚህን ስም አሠራር ልብ በሉ። በግዕዝ «ገብር» አገልጋይ ማለት ነው። «ገብረ» ሲሆን ግን ቃሉ ብቻውን አይቆምም፤ «የማን አገልጋይ?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። እኛ ለአፋችን እንዲቀል «ገብሬ» ብለን እንቆርጠዋለን። በስም ላይ ይህ ጉዳት የለውም፤ በኑሮ ላይ ግን ብርቱ ነገር ነው። ለእውነት ያልተገዛ ሰው ለገንዘብ፣ ለሹመት ወይም ለሆዱ መገዛቱ አይቀርምና።

በማስተማር በኖርሁበት ዘመን የቅዱስ ስም የተሸከመ ልጅ የጓደኛውን እርሳስ ሲሰርቅ፣ ስሙ ተራ የሆነው ደግሞ ወድቆ ያገኘውን ገንዘብ ሲመልስ አይቻለሁ። እንግዲያስ ስም ከንቱ ነው ትሉኝ ይሆናል። አይደለም።

አቡነ ጴጥሮስን አስቡ። በ1921 ዓ.ም. ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ የተሰጣቸው የሐዋርያው ስም ነበረ። ሐዋርያው ጴጥሮስ በአንዲት ሌሊት ፈርቶ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደ፣ ኋላም ሳይፈራ የመሰከረ ሰው ነው። ስለዚህ ስሙ ክሕደትንም ምስክርነትንም ያስታውሳል፤ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ባለስሙ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አልገዛም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስቶች ጥይት ተገደሉ። ስሙ ድፍረትን አልሰጣቸውም፤ ነገር ግን መንገዱን ያሳያል።

«ሳንጠየቅ በሕፃንነታችን የተሰጠን ስም እንዴት ያስገድደናል?» የሚል ቢኖር፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ማንም ሰው ባልተዋዋለው ዕዳ አይከሰስም። ሀብት ነው እንዳንልም ስሙ ብቻውን ማንንም ደግ አላደረገም። ስለዚህ ስም ሀብትም ዕዳም አይደለም፤ አደራ ነው። ወላጅ በልጁ ላይ ያለውን ተስፋ በአንዲት ቃል ጠቅልሎ ያስቀምጥበታል። ልጁ አድጎ ቃሉን ሲፈታው ሊቀበለው ወይም ሊተወው ይችላል፤ አላየሁም ለማለት ግን አይችልም።

የክርስትና ስም በብዙዎች ዘንድ የሚጠራው በጥምቀት፣ በቁርባንና በፍትሐት ጊዜ ነው፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት የሚጠራው ሌላ ነው። ሚዛን የሚይዘውና ማኅተም የሚመታው እጅ ግን በሁለቱም ስም ያው አንድ እጅ ነው። እንግዲህ ስማችሁን ለማሳመር አትድከሙ፤ የማን አገልጋይ እንደሆናችሁ ግን በየዕለቱ ራሳችሁን ጠይቁ።