በር የነካ ሁሉ ጠላት ነውን?

ሰው ቤቱን በመጠበቅ ረገድ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንደኛው በሩን ሳይዘጋ መተኛት ነው፤ ሁለተኛው በደጁ ያለፈውን ሁሉ ሌባ ነው ብሎ መጠርጠር ነው። የፊተኛው ስንፍና መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የኋለኛው ግን ጥንቃቄ ስለሚመስል ጉዳቱን የሚያስተውለው ጥቂት ነው።

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ፣ ኢንተርኔት በገባበት ቤት ራውተር የሚባል አነስተኛ መሣሪያ ይገኛል። ይህ መሣሪያ ሳይጠራ ከውጭ የመጣውን ይመልሳል፤ የመለሰውንም በመዝገቡ ይጽፋል። አንድ ወጣት ያን መዝገብ ከፍቶ «ጥቃት» የሚል ቃል ከሰዓቱና ከላኪው ቁጥር ጋራ ተደጋግሞ ቢያይ፣ «ማነው የጠመደኝ?» ብሎ መጨነቁ አይቀርም። ከዚያም የተጣላውን ጎረቤት፣ የተቀየመውን ጓደኛ በልቡ መቍጠር ይጀምራል።

ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ኮምፒዩተር ብቻ፣ ከ4 ቢሊዮን የሚበልጠውን የቀድሞውን ዓይነት የኢንተርኔት አድራሻ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊዳስስ እንደሚችል አሳዩ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ዳሰሳ ሌሊትና ቀን ሲካሄድ፣ የነቀምቴውም ቤት እንደ ሌላው ሁሉ በተራው ይነካል። የሚነካው መኪና የባለቤቱን ስም አያውቅም፤ ቂምም የለውም። ደግሞም መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ ዘግይቶ የደረሰውን ንጹሕ መልስ እንኳ ጥቃት ብሎ ይጽፈዋል። በወለጋ የበቆሎ ማሳ በማማ ላይ ሆኖ ዝንጀሮ የሚጠብቅ ልጅ ነፋስ ሣሩን ሲያወዛውዘው ይጮኻል። ጩኸቱ ጠባቂው መንቃቱን ያስረዳል እንጂ በቆሎው መበላቱን አያስረዳም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በመዝገቡ የተጻፈው ቁጥር ሰውን ለመክሰስ ይበቃልን? እኔ አይበቃም እላለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጡበትን የይለፍ ቃል ያልለወጡ ካሜራዎችንና ራውተሮችን፣ 60 ያህል የታወቁ ቃላትን እየሞከረ ማረከ። የተማረኩትም መሣሪያዎች ሌሎችን ለማጥቃት ተሰለፉ። ባለቤቶቻቸው አንዳች ሳያውቁ የቤታቸው ቁጥር በሰው መዝገብ እንደ ወንበዴ ተጻፈ። ሠሪዎቹም ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች ነበሩ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ጥፋታቸውን በፍርድ ቤት አመኑ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አጥቂ መስሎ የታየን እርሱ ራሱ ተጠቂ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በቁጥር ብቻ ጎረቤትን መወንጀል ግፍ ነው። የሰው ስም አንድ ጊዜ ከጠፋ መመለሱ ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ የእኛም ቸልተኝነት ለሌላው ሰው ጦር ሊሆን ይችላል። «ቤቴ ውስጥ የሚሰረቅ የለም» ብሎ የይለፍ ቃሉን ሳይለውጥ የሚተው ሰው፣ ጉዳቱ በእርሱ ብቻ የሚቀር ይመስለዋል።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት ጠቅሶ የሚከራከረኝ ይኖር ይሆናል። እኔም ተረቱን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ስንጥሩን ፈልግ የሚለን ከገዛ ገንፏችን ውስጥ እንጂ ከጎረቤት ማዕድ አይደለም። ይኸውም የማታውቀው መሣሪያ ከዋይፋይህ ጋራ ተገናኝቶ ብታገኝ፣ ወይም አንተ ሳትነካው የራውተሩ ቅንብር ተለውጦ ብታይ፣ ያን ጊዜ በእውነት መደንገጥ ይገባል። አለዚያ ግን የይለፍ ቃልህን ለውጥ፤ የራውተሩን ፕሮግራም አድስ፤ ከውጭ ሆኖ እንዲታዘዝ የሚፈቅደውን በር ዝጋ።

ወጣቶች ሆይ፣ መዝገቡን አንብቡ፤ ነገር ግን ከማንበባችሁ በፊት ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ተማሩ። ያላወቁትን መፍራት የሰው ጠባይ ነው፤ ባላወቁት ነገር በሰው ላይ መፍረድ ግን በደል ነው።