ሰቆጣ ነኝ በሉ

ልጆቼ፣ ከወልድያ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ «አባባ፣ አገርዎ የት ነው?» አለኝ። «ሰቆጣ» ስለው ፊቱ ጠቆረ። «ውይ፣ የድርቁ አገር!» አለና ከያዘው ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ። ርቦኝ ነበርና ተቀበልኩ። ደሴ እስክንደርስ ግን ቃል አልወጣኝም።

ይህን የማወጋችሁ አንዳንዶቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ «ከየት ነህ?» ሲሏችሁ «ከላሊበላ አካባቢ» እንደምትሉ ስለሰማሁ ነው። ላሊበላ ጎረቤታችን ነው፣ ክብር ይግባው። የራስን ስም አስቀምጦ የጎረቤትን መዋስ ግን ምን ይሉታል?

ረሀቡን አልክድም። በ77 የሆነውን ያየ አይክድም፤ በ2008ቱ ድርቅ ከብቱ አልቆበት በትሩን ብቻ ይዞ የቀረ ሰው ዛሬም አለ። መንግሥት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ያወጀውም ለዚሁ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ እጥረት እንዳይቀነጭሩ፣ እስከ 2022 ዓ.ም. መቀንጨርን ለማስቀረት። ሥራው ከእኛው ተጀመረ፣ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች። ስማችን ከረሀብ ጋር አብሮ ተጻፈ ብለው የሚከፉ አሉ። እኔ አልከፋም። ሕፃን እንዳይቀነጭር የተገባ ቃል በአገሬ ስም ቢጠራ ምን ቸገረኝ? ቃሉ ሳይፈጸም ቢቀር ነው የሚከፋኝ።

የአገራችንን ሌላ ታሪክ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የዋግ ገዥ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። የአርበኛውን የደጃዝማች ኃይሉ ከበደን አንገት ጣሊያን በ1930 ዓ.ም. ቆርጧል። ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከከተማው ሳይርቅ ከአለት ተፈልፍሎ ቆሟል። ይህን ሁሉ ተማሩት፤ ለነገር መመከቻ ግን አታድርጉት። የአያት ጀግንነት ራት አይሆንም።

እኔ የማፍርበት ነገር ሌላ ነው፤ ለወለድኳቸው ልጆች እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በቀበሌያችን ምዝገባ ነበር። ሁለት በሬ ነበረኝ። አንዱን በሬ ሌሊት ነድቼ አማቼ ግቢ አሰርሁና በማግስቱ ኮሚቴው ፊት «አንድ በሬ ነው ያለኝ፣ እሱም ያረጀ» አልኩ። ስሜ ገባ። ከእኔ ደጅ ሁለት ቤት አልፎ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች። ኮታው ሞላ ተብላ ቀረች። ሰሊጥ ለማጨድ ከበኩር ልጇ ጋር ሁመራ ወረደች። ልጁ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ በቃሬዛ ነው ያወጣነው። ከዳነ በኋላ ግማሽ ጆንያ ስንዴ ተሸክሜ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ አስቀምጬ ቀና ስል «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችኝ። ከየት እንደመጣ አታውቅም ነበር። ወይም ታውቃለች፤ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

እና ልጆቼ፣ መራብ ነውር አይደለም። ዝናብ ሲቀር መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ተዳፋት ነው፣ ምን ይደረግ? ነውሩ በሬ ደብቆ መሰለፍ ነው። ዝርዝሩ የሚጻፍበትን ቀን «የሽማግሌ ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ማንበብና መጻፍ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ከዋርካው ሥር ተቀመጡና ስም ሲነበብ ስሙ። የሽማግሌ ልጅም ሆነ የወጣት አባት፣ በሬ የደበቀ ካለ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። እኔን የጠየቀኝ ቢኖር ያ ልጅ በቃሬዛ አይመጣም ነበር።

የልጃገረዶቻችንን በዓል፣ ሻደይን፣ ብዙ ጊዜ የማስበው ከዚህ ጋር ነው። ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ ልጃገረዶች ቄጠማ የመሰለውን ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ተኩለው፣ ሹሩባቸውን ተሠርተው መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ በየደጁ እየጨፈሩ ይዞራሉ። በቀድሞው ወግ የሰበሰቡት ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ነበር። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስትጨፍር ውላ፣ የተቀበለችውን ቆጥራ ለሌላ አሳልፋ ስትሰጥ አስቡት። እኔ ባለሁለት በሬው ያልቻልኩትን ማለት ነው። አሁን አሁን መድረኩና ድምፅ ማጉያው በዝቶ ሻደይ የእንግዳ ማሳያ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ለቱሪስት መጨፈሩን አልጠላም፤ ደጅ ለደጅ መዞሩ ግን እንዳይቀር።

ቋንቋችሁን፣ ኽምጣኛንም አትጣሉት። ገበያ ላይ ማር ስትገዙ በኽምጣኛ ጀምሩ፤ ዋጋው ባይቀንስ እንኳ ሻጯ የማሩን ቀፎ፣ የአበባውን ወር ትነግራችኋለች። በአማርኛ የሚነገራችሁ ብሩ ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር። የሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከፃግብጂ ያፈናቀላቸው ወገኖቻችን ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ብዙዎቹ ወዲያው ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። ሰቆጣም ራሷ ሳትጠግብ እንግዳ አስተናግዳለች። በአንድ ሻደይ ከጎረቤቴ አጥር ጥግ የቆመች ልጅ አየሁ። ሣር አላሰረችም። የሚዘፈነውን በከንፈሯ ትከተላለች፣ እግሯ ግን አይንቀሳቀስም። «ለምን አልገባሽም?» አልኳት። «የዚህ ሰፈር አይደለሁም» አለችኝ።

ነሐሴ 16 ሣር ስትቆርጡ የእሷንም ጨምራችሁ ቁረጡ።