ቀሪ

ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ያልመጣው ተማሪ «ቀሪ» ይባላል። የሂሳብ ሠራተኛውም ገቢና ወጪውን አወራርዶ ከመስመሩ ሥር የሚያሰፍረውን ቁጥር «ቀሪ» ይለዋል። አንደኛው የጎደለ ሰው ነው፣ ሁለተኛው የተረፈ ገንዘብ። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ማሰሩ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የጤና ኢኮኖሚክስ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይገባል አይገባም የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ከዚህ ቃል ማምለጥ አቅቶኛል። ጥያቄውን የቀሰቀሰው በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ አቤቱታ ሥራ እስከ ማቆም በደረሰ ጊዜ የተነሣው ክርክር ነው። ግማሹ ሰው ሐኪም ብር መቁጠር ከጀመረ ሙያው አበቃለት አለ፤ ግማሹ ደግሞ ሳይቆጥር የሚያድር ማን ነው አለ። በደመወዙ ነገር ልቤ ከባለሙያዎቹ ጋር እንደነበረ አልደብቅም። የከነከነኝ ሌላ ነው፦ ሁለቱም ወገኖች በሕክምና ውስጥ መቁጠር ማለት በሰው ሕይወት ላይ ዋጋ መለጠፍ ማለት ነው ብለው የተስማሙ መሰሉ። በእኛ ቋንቋ «ዋጋ የለውም» ስድብ ነው፤ ክብርን ለመግለጽ የሚባለው «ዋጋ አይተመንለትም» ነው። የጤና ኢኮኖሚክስን የሚጠሉ ሰዎች ትምህርቱ ሁለተኛውን ወደ አንደኛው ያወርደዋል ብለው ይፈራሉ። እኔ ደግሞ የትምህርቱ እምብርት ዋጋ አይደለም፣ ቀሪ ነው እላለሁ። እዚህ የዋለ ብር እዚያ አልዋለም፤ እዚያ ባለመዋሉ ደግሞ የቀረ ሰው አለ።

ይህን ለማየት ከጎንደር ርቆ መሄድ አያስፈልግም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ሐኪም አላሠለጠነም። ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ወባ በደምቢያ ሜዳ ገብቶ ሕዝብ ፈጅቷል። በአገሩ ሐኪም የሚያስተምር ፋኩልቲ አልነበረም፤ የአዲስ አበባው የተከፈተው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። አንድ ሐኪም እስኪመረቅ በሚወስደው ጊዜና ገንዘብ ብዙ ጤና መኮንኖችን ገጠር ማድረስ ይሻላል ተባለ፤ ተደረገም። በጎንደር የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከ24 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። በእነዚያ 24 ዓመታት ሆዱ ተቀዶ መዳን ሲችል የሞተ የከተማ ሰው የለም ማለት አይቻልም። ለደምቢያና ለወገራ ገበሬ ሲባል የቀረ ሰው ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ግን ሰው ያስቀረ ውሳኔ ነበር። ያኔ ይህን የጤና ኢኮኖሚክስ ብሎ የጠራው የለም። የሙያው መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የኬኔት አሮው ጽሑፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ስሌቱ ከስሙ በፊት ጎንደር ደርሷል ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ ማስተርስ ይበቃል፣ የ20 ዓመት ልጅ በጀት የት አለውና የሚለው ተቃውሞ ብዙ አያቆየንም። በአገራችን የጤና መኮንን ተመራቂ ብዙ ጊዜ ጋውኑን ባወለቀ በዓመት በሁለት ዓመቱ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ በሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ጤና ጣቢያዎች የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው እንዲያውሉት ተፈቀደ። ስለዚህ አሞክሲሲሊን ልግዛ ወይስ የውሃ ቧንቧውን ላስጠግን የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ለዚያው ልጅ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነገሩን አጠበቀው። መድኑ እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። አንድ ገበሬ እህሉ ጎተራ ሲገባ መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን ያሳድሳል። ልጁ ሲታመም ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ ይመረመርለታል፤ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ግን ማዘዣው «ከውጭ ግዙ» ተብሎ ይመለስለታል። ከኪሱ ከፍሎ ይገዛል። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ሰብሳቢው ሲመጣ ቤት አይገኝም። እንዲህ ቀድሞ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጤነኛው ነው፤ ታማሚው ይቆያል፤ የመድኑ ሣጥንም ይራቆታል። የሣጥኑን መራቆት ዛሬ ካልገባው መድኃኒት ጋር አያይዞ ማየት የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው፤ ይህን ያልተማረ ኃላፊ መድኃኒት ማለቁን የመድኃኒት ቤት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ደገኛው እኮ ይህን ከማንም በፊት ያውቀዋል። በሽተኛ በቃሬዛ ተራ በተራ ተሸክሞ መንገድ ዳር ማድረስ በትከሻ የሚከፈል መድን ነው። እድርም ቀሪን የሚቀጣው ያለ ነገር አይደለም፤ ዛሬ የቀረ ሁሉ ነገ ይመጣል ብሎ የሚተማመን ቀባሪ ስለማይኖር ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ እንቅልፍ የሚነሣው አንዱ ነው፦ መቁጠር ልብ ያደነድናል የሚለው። ደካማ መልኩን ማለፍ ይቻላል፤ ቆጥሮ የማያውቅ ደንዳና ሐኪምም ሞልቷል። ጠንካራው መልኩ ግን ስለ ጭካኔ አይደለም፣ ስለ ሰበብ ነው። ያልተማረው ሰው «በጀት የለም» ሲል ያፍራል፤ የተማረው ሲል ግን ዕውቀት ይመስለዋል። ክትባትን እንውሰድ። አዘዞ ላይ እናቲቱ ልጇን አዝላ ወይም በባጃጅ ትመጣለች። በየዳ ላይ ክትባቱ በረዶ ባለበት ሣጥን ተይዞ ሸለቆ ወርዶ ሸለቆ ይወጣል፤ በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለበት፤ ደርሶም ምናልባት የሚያገኘው ስድስት ወይም ሰባት ሕፃን ነው። ለአንድ ሕፃን የወጣው ሲሰላ የበየዳው ውድ ነው። በአንድ ብር ብዙ ነፍስ አድን የሚለው ደንብ እንግዲህ ብሩን ወደ አዘዞ ይልከዋል። ተሰልቶ የመጣ ስለሆነ ክፋት ያለበት አይመስልም። ግን በየዳ ለምን ውድ ሆነች ብለን እንጠይቅ። ተራራው የእግዜር ነው፤ የመንገዱ አለመኖር ግን ትናንት በተመሳሳይ ስሌት የተወሰነ ነው፤ ጥቂት ሰው የሚሄድበት መንገድ አያዋጣም ተብሎ። ትናንት መቅረቷ ዛሬም እንድትቀር ማስረጃ ሆነ። ቀሪን እንቁጠር ብዬ ያመጣሁት ትምህርት ቀሪን ደግሞ የሚያስቀር ሆኖ ተገኘ።

ሙያው ይህን አያውቅም ማለት ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው የኢትዮጵያ መሠረታዊ የጤና አገልግሎቶች ፓኬጅ 1,018 አገልግሎቶችን ሲይዝ የመዘነው በወጪና በውጤት ብቻ አልነበረም። የበሽታው ጫና፣ ፍትሐዊነት፣ ቤተሰብን ከድህነት መከላከሉ፣ በበጀት ላይ የሚያመጣው ጫና፣ በሕዝብና በመንግሥት ዘንድ ያለው ተቀባይነት አብረው ተመዝነዋል። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ከሰባቱ መመዘኛዎች የትኛው ለየትኛው ምን ያህል ቦታ ይልቀቅ የሚለውን ሂሳብ አይመልሰውም፤ ሰዎች ተቀምጠው የሚወስኑት ነው። ተማሪው ዘንድ ሲደርስ ግን ያለቀ ሠንጠረዥ ነው። የበሽታ ጫና መለኪያው ራሱ ያስተምረናል። ዳሊ የሚባለው፣ በሕመምና ያለዕድሜ በመሞት የጠፉ ዓመታት ድምር፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በዓለም ባንክ ሪፖርት ሲቀርብ የጎልማሳ አንድ ዓመት ከሕፃንና ከአረጋዊ አንድ ዓመት በላይ ይመዝን ነበር። ኋላ ይህ ልዩነት ተሰረዘ። በዚያ መሐል በትምህርቱ ያለፈ ተማሪ ክብደቱን እንደ ሳይንስ ሸምድዶት ይሆናል። አንዱ ትውልድ በፍርዱ ያስቀመጠውን ሌላው በፍርዱ አነሣው እንጂ፣ በመሐሉ የተገኘ አዲስ የተፈጥሮ ሕግ አልነበረም።

ካላዛር ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጨንቀኛል። በመከር ጊዜ ከደጋው ብዙ ወጣት ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። በሽታው የቆላ ነው፤ ደገኛው አካሉ ስለማያውቀው ይጠቃል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ የተቋቋመ የምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን በየቀኑ መውጋት ነው። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። ይህ «ነፃ» የሚለው ቃል ምን ምን እንደማያካትት ቆም ብሎ ማየት ነው፦ የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ፣ የአውቶቡስ መሳፈሪያ፣ ከሁሉ በላይ ለዘርና ለማዳበሪያ ብድር መክፈያ ታስቦ የነበረው የወቅቱ ደመወዝ። በአገር አቀፍ ድምር ላይ ካላዛር ከሳንባ ምችና ከተቅማጥ ጋር ሲተያይ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ደረጃው በቁጥር ብቻ ቢወጣ ወደታች ይወርዳል። በጃናሞራ ላለ ቤተሰብ ግን ያ ትንሽ ቁጥር የዓመቱ ገቢ በሙሉ ነው። ጤና ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው የአውቶቡሱንና የአስታማሚውን ወጪ ቆጥሮ ሊያሳየኝ ይችላል፤ ያልተማረው «ነፃ ነው» ብሎ ያልፋል። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ያው የተማረው ሰው ጥቂቶቹን ታማሚዎች ከብዙዎቹ አስበልጦ እንዲያክም የሚያስገድደው ምንም ነገር በስሌቱ ውስጥ የለም። ያ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ የትምህርቱ መጽሐፍ አይነግረውም።

ስለዚህ ስነሣ ከነበረኝ አቋም ሸርተት ብያለሁ። ሁሉም የጤና ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ይማረው ልል ነበር። አሁን የምለው ይማረው፣ ግን ከማን በኋላ እንደሚማረው ይታሰብበት ነው። የጎንደሩ ኮሌጅ ከተመሠረተ ጀምሮ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ልኮ የሚያሠለጥንበት ልማድ አለው። ዳባት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተ የምርምር ማዕከል አለ፤ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየሄዱ የተወለደውን፣ የሞተውንና የሄደውን ይጽፋሉ። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ የሞተ ሰው ቢኖር ቤተሰቡን አስቀምጠው አሟሟቱን ይጠይቃሉ፤ ስንት ቀን አተኮሰው፣ ሳል ነበረው ወይ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር ወይ፣ ካልሄደስ ለምን። ይህ ቀሪን በስሙ መጥራት ነው። ያንን የጠየቀ ተማሪ በኋላ ሠንጠረዡ ሲሰጠው ከመስመሩ ሥር ያለው ቁጥር የማን እንደሆነ ለመጠየቅ ይደፍራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። መድፈሩን ማረጋገጥ አልችልም፤ ሠንጠረዡን ቀድሞ ያየው ግን ሲጠይቅ አይታየኝም። ኮርሱን የምታስተምሩ ሰዎች፣ በፈተናው ላይ «የወረዳው በጀት ይህን ያህል ነው ተብሎ ተሰጥቷል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ንዑስ ጥያቄ ጨምሩበት፦ የሰጠው ማን ነው? ማርክም ያዙለት።