ሹም በምን ይመዘናል?

«የሰው ሆዱ፥ የወፍ ወንዱ አይታወቅም» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። የዘመናችን ሊቃውንት ግን ይህን የማይታወቀውን ሆድ በወረቀት ለመመርመር ተነሥተዋል። ሳሎቬይና ማየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1990 «የስሜት ብልኅነት» ብለው የሰየሙትን ችሎታ ተንትነው ጻፉ፤ በ2002ም ከካሩሶ ጋር ሆነው 141 ጥያቄዎች ያሉበትን ፈተና አወጡ። ለተፈታኙ የሰው ፊት ሥዕል ይቀርብለትና በዚያ ፊት ላይ ምን ያህል ደስታ፥ ምን ያህል ቍጣ እንዳለ ይጠየቃል። እንዲህ ባሉ ፈተናዎች የሥራ መሪዎች በልዩ ልዩ አገር ይመዘናሉ።

አሳቡ መልካም ነው። ሕግና ሒሳብ አዋቂ ሆኖ ሳለ በአንድ ክፉ ቃል መሥሪያ ቤቱን የሚበትን ሹም ያላየ ማን አለ? ነገር ግን መልሱ ትክክል መሆኑን የሚፈርደው ማን ነው? የዚህ ፈተና አዘጋጆች መልሱን ያጸኑት በብዙ ተፈታኞች አስተያየትና በ21 ሊቃውንት ፍርድ ነው። እንግዲህ ሚዛኑ የተሠራው ከሰዎች ልማድ ነውና፥ ልማዱ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ይህ ጥያቄ በጋምቤላ እጅግ ይከብዳል። በባሮ ዳር በቆመችው ከተማና በክልሉ አኙዋ፥ ኑዌር፥ መዠንግር፥ ኦፖና ኮሞ ከደገኛው ጋር ይኖራሉ። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ባለጕዳዩ ግን ብዙ ጊዜ ኀዘኑን የሚያስበው በሌላ ቋንቋ ነው። ዓይኑን ወደ መሬት ያደረገውን ሰው ደገኛው ሹም «ጨዋ» ይለዋል፤ በሩቅ አገር የተሰናዳ ፈተና «ፈሪ» ሊለው ይችላል፤ ሰውየውን ግን ማን ጠየቀው? በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በዚህች ከተማ አጠገብ የስምንት ሰዎች መገደል ያስነሣው ቍጣ በብዙ ንጹሓን አኙዋዎች ላይ ወርዶ ደማቸው ፈሷል። ስለዚህ ስሜትን ማወቅና መግዛት በዚህ ስፍራ ለሚሾም ሰው የትምህርት ጌጥ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

በዚሁ ምድር ግን ከወረቀቱ የቀደመ ፈተና አለ። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ የነብር ቆዳ የሚለብሰውን አስታራቂ ይገልጽልናል። ይህ ሰው ወታደር የለውም፤ የማስገደድ ሥልጣንም የለውም። ነፍሰ ገዳዩ ከቤቱ ይጠለላል፤ እርሱም በሁለቱ ወገኖች መካከል ተመላልሶ በከብት ካሣ ያስታርቃል። የሟች ዘመዶች ለሟቹ ክብር ሲሉ በመጀመሪያ እንቢ ማለት አለባቸው። አስታራቂው ይህ የክብር እንቢታ መሆኑን ያውቃልና አይቆጣም፤ ደጋግሞ ይለምናል። የእነዚያ ዘመዶች ፊት በሥዕል ቢቀርብልን «ቍጣ» ብለን መልሰን ነጥብ እናገኝ ነበር፤ ከቍጣው በስተኋላ ያለውን ግዴታ ግን ሥዕሉ አይነግረንም።

በአኙዋ ዘንድም ኳሮ የሚባለው የመንደር አለቃ እጁን ከሕዝቡ የሰበሰበ እንደ ሆነ መንደርተኛው እርሱን አባርሮ ሌላ የአለቃ ልጅ ይተካ እንደ ነበር ያው ጸሐፊ መዝግቧል። ነገሩ ያለ ጠብ አይፈጸምም ነበርና ሁሉን አናመሰግንም፤ ነገር ግን ፈታኞቹ ተገዢዎቹ እንደ ነበሩ ልብ እንላለን።

እንግዲህ ፈተናውን እንጣለው አንልም። መልሱ ከአንድ ወገን ልማድ ብቻ አይቀዳ፤ በሹሙ ሥር የሚሠሩትና ደጅ የሚጠኑት ያለ ፍርሃት ይጠየቁ፤ «አላውቅምና ልጠይቅ» ያለውም ሹም ነጥብ አይጕደልበት እንላለን። ከዚህም ጋር አታላይ ሰው ፊት ማንበብ እንደሚችል አንርሳ፤ ወረቀቱ ችሎታን እንጂ ቅንነትን አይመዝንም። በፈተናው ላይ ያወቀውን የኀዘን ፊት በማግሥቱ ከደጁ ቆሞ ቢያገኘው፥ ሹሙ «ግባ፥ ተቀመጥ» ማለት አለማለቱን የሚመሰክረው ባለጕዳዩ ነው።