በመልክ ስለ ማበላለጥ

የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት የተገኘ ስለ ሆነ፣ የቆዳው መልክ የክብሩ መለኪያ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን ይህን በአፉ እየመሰከረ ወንድሙን በመልኩ የሚያሳንስ ብዙ ነው። ለዚህም የላቲን አሜሪካ ሕዝብ ታሪክ ምሳሌ ይሆነናል።

የእስፓኝ ነገሥታት ያን ምድር በገዙበት ዘመን፣ ከነጩ፣ ከአገሬው ተወላጅና ከአፍሪካ በባርነት ከተወሰደው የሚወለደው ሁሉ የየራሱ ስምና ደረጃ ተሰጠው፤ ነጩ ከላይ፣ ጥቁሩ ከታች ሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1795 ዓ.ም. የወጣው የንጉሥ ደንብ፣ የአፍሪካ ትውልድ ያለበት ሰው ዋጋ ከፍሎ ከዚህ ዝቅተኛነት እንዲወጣ ፈቀደ። የካራካስ ከተማ ታላላቆች ግን ይህንኑም ተቃወሙ። ክብርን ለገበያ ያወጣ ደንብ ገዢውን ከፍ ቢያደርገውም፣ መግዣ የሌለውን ወንድሙን በዚያው በታች ተወው።

ከዚህ በኋላ በ1829 ዓ.ም. ከአፍሪካ ዘር የሚወለደው ፕሬዚዳንት ቪሴንቴ ጌሬሮ በሜክሲኮ ባርነትን ሻረ፤ ብራዚልም በ1888 ዓ.ም. ሻረች። ሕጉ ቢሻርም ልማዱ አልተሻረም። የሜክሲኮ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ2017 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት፣ መልካቸው የጠቈረ ሰዎች በትምህርትም በሥራም ዝቅ ብለው እንደሚገኙ አሳየ። በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገ ጥናትም፣ መልካቸው ከጠቈረው ላቲኖዎች 41 በመቶው ከገዛ ወገናቸው በደል እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። የተናቀው ራሱ ናቂ መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

በእነርሱ ዘንድ «ዘርን ማሻሻል» የሚባል አነጋገር አለ፤ ትርጓሜውም መልኩ ከነጣ ሰው ጋር መጋባት ነው። ታዲያ ልጁ እንዳትናቅበት ብሎ ይህን የሚመክር አባት በደለኛ ነውን? መነሻው ፍቅር ስለ ሆነ ልንፈርድበት አንቸኵልም። ነገር ግን ምክሩ ልጂቱን የገዛ እናቷን መልክ እንደ ነውር እንድትቈጥር ያስተምራታል፤ ሐሰተኛውንም ሚዛን ለልጅ ልጅ ያወርሳል። ልጁን በእውነት የሚወድ ሚዛኑን ይሰብራል እንጂ ልጁን ለሚዛኑ አያስተካክልም።

እኛም ልጆቻችንን «ቀይ»ና «ጥቁር» እያልን ስናወዳድር ይህንኑ ሚዛን መያዛችንን እናስተውል። ሐዋርያው ያዕቆብ ልብሱ ያማረውን በክብር አስቀምጦ ድኻውን ማቆም ኀጢአት መሆኑን አስተምሯል። እንግዲህ ንስሓችን በቃል ብቻ አይቅር፤ በምንቀጥረው ሠራተኛ፣ በምንድረው ልጅ፣ በምንሰጠው ወንበር ይገለጥ።