የገዛነው ዕቃ የማን ነው?

ሰው በላቡ ባገኘው ገንዘብ አንድ ዕቃ ገዝቶ ወደ ቤቱ ካስገባ በኋላ፣ ሠሪው «በዚህ ዕቃ የምትጠቀመው እኔ በፈቀድሁልህ መንገድ ብቻ ነው» ሊለው መብት አለውን? ገዢውስ በበኩሉ «የእኔ ነው፤ እንደ ወደድሁ አደርገዋለሁ» ሊል ይችላልን? ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ ይመስል ይሆናል። ወደ እኛ የመጣው ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ አሮጌ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያና ከሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕረፍት ጊዜ ከምንሰበሰበው ጓደኞች የአንዱ አጎት ከብዙ ዓመታት በፊት ከአሜሪካ ሲመለሱ ሱፐር ኒንቴንዶ የሚባለውን መሣሪያ ይዘው መጥተው ነበር። ልጆቻቸው ካደጉ ወዲህ በሣጥን ታሽጎ የተቀመጠውን ይህን መሣሪያ፣ የእኛ መብራት እንዳያቃጥለው ከነትራንስፎርመሩ፣ «ተጫወቱበት፤ ስትጨርሱ እንደ ሰጠኋችሁ መልሱልኝ» ብለው አዋሱን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ጃፓን ተምራ የተመለሰች የሌላ ጓደኛችን እኅት፣ እዚያ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በርካሽ የገዛቻቸውን ሁለት ካሴቶች ሰጠችን። ካሴት የምንለው በትክክለኛ ስሙ ካርትሪጅ የሚባለውን ነው። ከሁለቱ አንዱ በ1992 በጃፓን የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 5» ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ካሴቱን ብናስገባው አልገባ አለ። በባትሪ አብርተን ስንመለከት በማስገቢያው ውስጥ ከኋላ በኩል ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ቆመዋል። የአሜሪካው ካሴት በጀርባው ለእነዚህ ጥርሶች ማለፊያ የሚሆን ሁለት ጎድጓዳ መስመር አለው፤ የጃፓኑ የለውም። ጥርሶቹ ቢነቀሉ የጃፓኑ ካሴት ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ይህን ያነበበ አንድ ጓደኛችን ከቤቱ ፒንሳ ይዞ መጣ። ፒንሳው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ግን ሁላችንም ዝም አልን፤ ክርክሩም የተጀመረው በዚያን ጊዜ ነው።

ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት ይህ ቁልፍ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባናል። ኒንቴንዶ በ1983 በጃፓን ያወጣው ፋሚኮም የተባለው መሣሪያ ቁልፍ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ገደማ ግን የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ማንም እየተነሣ በሚያወጣው የረባ ባልሆነ ጨዋታ ተጥለቅልቆ ወደቀ። ስለዚህም ኒንቴንዶ በ1985 ወደ አሜሪካ ሲገባ በመሣሪያውና በካሴቱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቺፖች አኖረ። ሁለቱ ቺፖች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ መልሱ ካልተስማማ መሣሪያው በየሴኮንዱ ገደማ እየጠፋ እንደ ገና ይነሣል። ዋና ዓላማው ያልተፈቀደለት ሰው ጨዋታ ሠርቶ እንዳይሸጥ ነበር፤ ለአውሮጳ የተሠራው ቺፕ ከአሜሪካው የተለየ ስለ ሆነ ግን ያው ቁልፍ የአገር ድንበርም ሆነ። ተከታዩ ሱፐር ኒንቴንዶ በ1990 በጃፓን፣ በ1991 በአሜሪካ፣ በ1992 በአውሮጳ ሲወጣ፣ በአውሮጳ የጃፓኑ ካሴት ቢገባም ቺፑ አያሠራውም፤ በአሜሪካ ደግሞ ቺፑ ቢቀበለውም ፕላስቲኩ አያስገባውም።

ለሠሪዎቹ ፍትሕ እናድርግ፤ ምክንያት የላቸውም ማለት አይቻልም። አንደኛ፣ ጨዋታን ከጃፓንኛ ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ብዙ ድካምና ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛ፣ በየአገሩ ያለው አከፋፋይ ለማስታወቂያና ለመጓጓዣ ገንዘብ አውጥቶ ሳለ፣ ሌላው ከጎን በሻንጣ አምጥቶ ቢሸጥበት ይከስራል። ሦስተኛ፣ ለልጆች የሚሸጠው ምን ዓይነት እንዲሆን የሚወስነው ደንብ በየአገሩ ይለያያል። እነዚህ ሁሉ ሊሰሙ የሚገባቸው ምክንያቶች ናቸው።

ይሁን እንጂ የሌላውም ወገን ነገር ይሰማ። «ፋይናል ፋንታሲ 5» በጃፓን ከወጣ በኋላ በእንግሊዝኛ ለሽያጭ የቀረበው ከ7 ዓመት በኋላ በ1999 ነው። «ክሮኖ ትሪገር» የተባለውም ዝነኛ ጨዋታ በ1995 በጃፓንና በአሜሪካ ሲወጣ የአውሮጳ ወጣቶች እስከ 2009 ድረስ በአገራቸው አልተሸጠላቸውም። የተሸጠላቸውም ቢሆን ጉድለት ነበረበት። የጃፓንና የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሥዕሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲያድስ፣ የአውሮጳው የሚያድሰው 50 ጊዜ ነበር፤ ብዙ ሠሪዎች ጨዋታውን ለዚህ ስላላስተካከሉት ከስድስት አንድ እጅ ያህል እየዘገየ ይሄድ ነበር። በ1991 የወጣውና በፍጥነቱ የታወቀው «ሶኒክ» እንኳ በአውሮጳ ሩጫውም ሙዚቃውም የዘገየ ነበር። እንግዲህ ከውጭ አገር ካሴት ያስመጡ የነበሩት ሁሉ ለፉክክር ወይም ለቅንጦት ያደርጉት ነበር ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ በአገራቸው የሚሸጥላቸው ያጡ ሰዎች ነበሩ።

ዋጋን በድንበር የማጠርም ነገር አለ። የአውሮጳ ኮሚሽን በ2002 ኒንቴንዶን 149 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ ከአከፋፋዮቹ ጋር ተስማምቶ ዕቃው ርካሽ ከሆነበት የአውሮጳ አገር ወደ ተወደደበት እንዳይሻገር አድርጓል በማለት ነበር፤ ኋላ በ2009 ፍርድ ቤት ቅጣቱን ቀንሶለታል። ቅጣቱ ስለ ቺፑ አልነበረም። ቢሆንም ገበያን በአገር መከፋፈል ሁልጊዜ ለገዢው ጥቅም ተብሎ የሚደረግ እንዳልሆነ ያሳየናል። ደግሞም ኒንቴንዶ ራሱ በ1989 ያወጣው ጌም ቦይ የአገር ቁልፍ አልነበረበትም፤ በ2017 ባወጣው ስዊች ላይም ከአንድ አገር የተገዛ ካሴት በሌላ አገር መሣሪያ ይሠራል። ስለዚህ የአገር ቁልፍ ያለ እርሱ ሥራው የማይሄድ ግዴታ ሳይሆን ሠሪው የመረጠው አሠራር ነበር ማለት ነው።

ይህ ነገር እኛን ኢትዮጵያውያንን ይነካናል። እነዚያ ኩባንያዎች ዓለምን ጃፓን፣ አሜሪካና አውሮጳ ብለው ሲከፍሉ የእኛ ስፍራ የት ነበር? መሣሪያው ከአሜሪካ በአጎት ሻንጣ፣ ካሴቱ ከጃፓን በእኅት ሻንጣ መጥቶልናል። ለእኛ ሁሉም ጨዋታ የውጭ አገር ጨዋታ ነው። «በአገርህ እስኪሸጥ ጠብቅ» የሚለው ቃል ለለንደን ልጅ መዘግየት ሲሆን ለእኛ ግን መከልከል ነው።

በዚህ ሁሉ ፒንሳውን የያዘው ጓደኛችን የረታ መሰለው። «እንግዲያውስ ቁልፉ ፍትሕ የሌለው ቁልፍ ነው፤ ፍትሕ የሌለውን ቁልፍ መስበር ኀጢአቱ ምንድን ነው?» አለ። ነገር ግን ከመካከላችን አንዷ የፕሌይስቴሽንን ታሪክ አነሣች፤ ክርክሩም ሌላ መልክ ያዘ።

በ1994 መጨረሻ በጃፓን የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በሲዲ የሚሠራ ነበር። በሲዲው መካከል አጠገብ በተራ መቅጃ ሊቀዳ የማይችል ምልክት አለ፤ ምልክቱም ለጃፓን፣ ለአሜሪካና ለአውሮጳ የተለያየ አራት ፊደል ነው። መሣሪያው ፊደሎቹን ካላገኘ ሲዲውን አያጫውትም። እንግዲህ ይህ አንድ ቁልፍ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ ሲዲው ከየትኛው አገር እንደ ተገዛና ሲዲው እውነተኛ መሆኑን። በየጥገና ቤቱ በመሣሪያው ላይ ይበየድ የነበረው ትንሽ ቺፕ ፊደሎቹን በሐሰት ይናገርለታል፤ ያን ጊዜ ከጃፓን በውድ ዋጋ የተገዛውም ሲዲ፣ በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጠውም ያለ ፈቃድ የተቀዳ ሲዲ እኩል ይሠራሉ። ሐቀኛውና ሌባው በአንድ ጠጋኝ ጠረጴዛ ፊት ተሰልፈው አንድ ዓይነት ቺፕ ያስገባሉ። ጠጋኙ አይለያቸውም፤ መሣሪያውም አይለያቸውም።

ሕግም በዚህ ነገር ተቸግሯል። በአሜሪካ በ1998 የወጣው ሕግ እንዲህ ያሉትን ቁልፎች ማለፍን በጥብቅ ከለከለ። በአውስትራሊያ ግን የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በ2005፣ የፕሌይስቴሽኑ ቁልፍ መቅዳትን የሚከለክል ሳይሆን የተቀዳው እንዳይጫወት የሚከለክል ነው በማለት ቺፑ በጊዜው ሕግ የተከለከለ አይደለም ሲል ፈረደ። በሚከተለው ዓመት ሕጉ ሲሻሻል ለቁልፎች የሚደረገው ጥበቃ ጠነከረ፤ የፊልምና የጨዋታ ገበያን በአገር ለመከፋፈል የሚሠራ ቁልፍ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ እንዲሆን ተደረገ። እኛ በዚያ ሁለት ሰዓት ስንከራከርበት የነበረውን ልዩነት የአንድ አገር ሕግ አውጪዎችም አይተውታል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሐሳባችን በሦስት ጥያቄዎች ላይ ተሰበሰበ።

የመጀመሪያው፣ ቁልፉ የሚጠብቀው ምንድን ነው? የሰውን ድካም የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሊሰበር የሚችል መሆኑ ብቻ መስበርን አያጸድቅም፤ ከበሩ በስተጀርባ ደመወዙን የሚጠብቅ ሰው አለና። ዋጋው ለሠሪው በተከፈለበት ዕቃ ላይ ግን ቁልፉ «ይህን እዚህ ተጫወት፣ እዚያ አትጫወት» ከማለት በቀር ሌላ ሥራ ከሌለው፣ ከባለ መብቱ የተወሰደ ነገር የለም። የጃፓኑ ካሴት አንድ ጊዜ በሙሉ ዋጋው ተሽጧል፤ ሠሪው የድካሙን ዋጋ ተቀብሏል። ስለዚህ የሁለቱ ጥርሶች መነቀል በራሱ ስርቆት ነው ብለን አላመንንም።

ሁለተኛው፣ ከተከፈተ በኋላ ምን እናደርጋለን? ብዙዎቻችን የምንወድቀው በዚህ ነው። «ይህ ቁልፍ ግፍ ነው» የሚለው እውነተኛ ቃል ቀስ በቀስ «ስለዚህ መክፈል አያስፈልግም» ወደሚል ውሸት ይለወጣል። «በአገራችን አይሸጥም» ብለን ጀምረን፣ የሚሸጠውንም ሳንከፍል እንወስዳለን። ራሳችንን እንመርምር። ከመካከላችን ያለ ፈቃድ የተቀዳ ጨዋታ በኮምፒውተሩ የሌለው አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። የአገር ቁልፍ በሌለበት ቦታ ያደረግነውን የአገር ቁልፍ አስገደደን ልንል አንችልም።

ሦስተኛው፣ ዕቃው የማን ነው? ይህን ጥያቄ ማንም አላነሣውም ነበር። ስለ ጃፓን፣ ስለ አሜሪካና ስለ አውስትራሊያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንከራከር፣ መሣሪያው የእኛ አለመሆኑን ረስተነው ነበር። የጓደኛችን ታናሽ ወንድም ከማዕዘን ሆኖ «ጋሼን ጠይቃችኋል?» ሲል ሁላችን አፈርን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለምን?

ሄደን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ነገሩን ጨርሰው ካዳመጡ በኋላ «ልጆቼ፣ ኩባንያው ምን እንዳለ አላውቅም። እኔ ግን ይህን ዕቃ ልጆቼ ትንሽ ሳሉ ገዛሁላቸው፤ አሁን ሁለቱም ሩቅ ናቸው። እንዳለ ቢቆይልኝ ደስ ይለኛል» አሉን። ከዚህ በላይ አልተናገሩም።

ፒንሳው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ጓደኛችን በመንገድ ላይ «ጥርሶቹን ማን ያያቸዋል? በውስጥ ናቸው» ብሎ ነበር፤ ግን እርሱም ራሱ ሐሳቡን አልገፋበትም። የትልቁን ኩባንያ ቁልፍ ለመስበር ምክንያት ስንደረድር የዋልን ሰዎች፣ ቺፕም ፕላስቲክም የሌለበት የአንድ ሽማግሌ ቃል አስሮን ተመለስን። ስናስበው ትክክል ነው። ኩባንያው ዕቃውን ሸጦ ዋጋውን ተቀብሏል፤ እርሳቸው ግን አመኑን እንጂ አልሸጡልንም። የገዛ ሰው ካልሸጠለት ሰው የበለጠ መብት አለው ብለን ስንከራከር የነበረው እኛው ነን፤ መብቱም የእርሳቸው ነበር።

መሣሪያውን ከአንድ ወር በኋላ ከነትራንስፎርመሩ አጽድተን መለስን። የጃፓኑ ካሴት አሁንም በጓደኛችን መደርደሪያ ላይ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልተጫወትንበትም። ከመካከላችን አንዱ በገዛ ገንዘቡ የራሱን መሣሪያ የገዛ ዕለት ፒንሳውን ያነሣ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አይኖርበትም። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ያን ጊዜም ይጠብቀዋል።